ሁለት ኮምፒዩተር በአንድ ገበታ

«ሁለት ባላ ትከል፤ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» ተብሎ የተነገረው ምሳሌ ቤቱን በጥንቃቄ ለሚያስተዳድር ሰው መልካም ምክር ነው። ነገር ግን «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» የሚልም ሌላ ምሳሌ አለ። በዚህ ወር ለውድ አንባቢዎቻችን የምናቀርበው ጉዳይ በእነዚህ በሁለቱ ምሳሌዎች መካከል ይገኛል፤ ይኸውም ሁለት ኮምፒዩተር ላለው ቤተ ሰብ አንድ ሞኒተር፥ አንድ ኪቦርድና አንድ ማውስ ይበቃዋልን? ቢበቃውስ በምን ዓይነት ሥርዓት ሊገለገልበት ይገባል? የሚል ነው።

ይህ ጥያቄ የባለጠጋ ጨዋታ የሚመስለው ሰው ይኖር ይሆናል። ሆኖም በኡራኤልና በቦሌ መድኃኔ ዓለም መካከል በሚገኘው በአትላስ ሰፈር በፎቅ ቤት ተከራይቶ የሚኖረውን ቤተ ሰብ ኑሮ ልብ ብሎ የተመለከተ ሰው እንደዚህ አይልም። ለምሳሌ ያህል እናቲቱ የሒሳብ ሠራተኛ ናት እንበል። መሥሪያ ቤትዋ ላፕቶፕ በአደራ ሰጥቷታል፤ ያልተፈጸመውንም ሥራ ማታ ማታ በቤትዋ ትጨርሳለች። ልጅዋ ደግሞ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነው፤ አገር አቀፉ ፈተና ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በከፊል በኮምፒዩተር መሰጠት ስለ ጀመረ፥ ጣቶቹን ከኪቦርድ፥ ዓይኖቹንም ከሞኒተር ጋር ማለማመድ ይኖርበታል። ለዚህም ያገለገለ ዴስክቶፕ ተገዝቶለታል። በቤቱ ያለው ጠረጴዛ ግን አንድ ብቻ ነው፤ ሁለተኛ ጠረጴዛ ቢመጣ መተላለፊያ አይኖርም። ከዚህም ሌላ የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሬ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ካደረገ ወዲህ የብሩ ዋጋ ከዶላር አንጻር እጅግ ስለ ቀነሰ፥ ከውጭ አገር የሚመጣ ዕቃ ሁሉ በኪስ ላይ ይከብዳል። እንግዲህ ሁለተኛ ሞኒተር ከመግዛት ባለው መጠቀም ብልኅነት እንጂ ንፍገት አይባልም።

ነገሩ እንዲገባን የዕቃውን ባሕርይ አስቀድመን እንለይ። የኮምፒዩተር ልብ፥ ማለት የሚያስበውና የሚያስታውሰው ክፍል፥ በሣጥኑ ወይም በላፕቶፑ ውስጥ ነው ያለው። ሞኒተሩ ፊቱ ነው፤ ኪቦርዱና ማውሱ እጆቹ ናቸው። ፊትና እጅ ለሁለት ኮምፒዩተሮች የጋራ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ልባቸው ግን ለየራሱ ነው። ይህን ልዩነት የተረዳ ሰው የሚቀረውን ሁሉ በቀላሉ ይረዳዋል።

ዕቃውን የጋራ ለማድረግ ሦስት መንገዶች አሉ።

አንደኛው መንገድ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ብዙዎች ሞኒተሮች ከበስተኋላቸው ከአንድ የሚበልጥ የምስል መቀበያ አላቸው፤ ኤችዲኤምአይ፥ ዲስፕሌይ ፖርት፥ በአሮጌዎቹም ላይ ቪጂኤ የሚባለው ይገኛል። ላፕቶፑን በአንዱ፥ ዴስክቶፑን በሌላው ቀዳዳ በየራሳቸው ገመድ ካገናኙ በኋላ፥ በሞኒተሩ ላይ ባለው ቁልፍ የሚፈለገውን መምረጥ ነው። ለኪቦርዱና ለማውሱ ደግሞ ሁለት የዩኤስቢ ገመዶችን የሚያፈራርቅ አነስተኛ ማዞሪያ ይገዛል፤ ወይም በብሉቱዝ ከሁለትና ከሦስት መሣሪያዎች ጋር ተዋውቆ በአንድ ቁልፍ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሻገር ኪቦርድና ማውስ ይመረጣል። የዚህ መንገድ ድካሙ አንድ ብቻ ነው፤ ምስሉን ለብቻ፥ ኪቦርዱንም ለብቻ ማዞር ያስፈልጋል።

ሁለተኛው መንገድ ኬቪኤም የሚባለው ማዞሪያ ነው። ስሙ ኪቦርድ፥ ቪዲዮና ማውስ ከሚሉት ሦስት ቃላት የመጀመሪያ ፊደሎች የተውጣጣ ነው። ብዙ ኮምፒዩተሮች ተደርድረው በሚሠሩባቸው ትላልቅ ክፍሎች አንድ ባለሙያ ሁሉንም ከአንድ ወንበር ላይ ሆኖ እንዲቆጣጠራቸው ሲያገለግል የኖረ መሣሪያ ነው። ቁልፉ አንድ ጊዜ ሲጫኑት ምስሉም፥ ኪቦርዱም፥ ማውሱም ባንድነት ወደ ሌላው ኮምፒዩተር ይዞራሉ። በአንዳንዱም ላይ ስክሮል ሎክ የሚባለውን የኪቦርድ ቁልፍ ሁለት ጊዜ በመምታት ማዞር ይቻላል።

በመደብር ውስጥ ግን መጠንቀቅ ይገባል። ስፕሊተር የሚባለው ዕቃ መልኩ ከማዞሪያው ጋር ቢመሳሰልም ሥራው ተቃራኒ ነው፤ የአንዱን ኮምፒዩተር ምስል ለሁለት ሞኒተሮች ያከፋፍላል እንጂ ሁለት ኮምፒዩተሮችን በአንድ ሞኒተር ላይ አያፈራርቅም። ደግሞም ሞኒተሩ ፎርኬ የሚባለው ከፍተኛ ጥራት ያለው እንደ ሆነ፥ ማዞሪያው ይህን ምስል በሴኮንድ 60 ጊዜ ማሳለፍ መቻሉን መጠየቅ ያስፈልጋል። በአሮጌው በኤችዲኤምአይ 1.4 ደንብ የተሠራው ከ30 ጊዜ በላይ ስለማያሳልፍ የማውሱ ቀስት ሲንቀሳቀስ ይንቀራፈፋል። ላፕቶፑ ያለው ቀዳዳ ዩኤስቢ ሲ ብቻ ቢሆንም፥ እንዲህ ያለ ቀዳዳ ሁሉ ምስል አያወጣምና አስቀድሞ መመርመር ይበጃል። ለዚህ ሁሉ ከሁሉ የሚሻለው ፈተና፥ ገንዘቡን ከመክፈል በፊት የራስን ላፕቶፕ ይዞ ሄዶ በመደብሩ ውስጥ መሞከር ነው።

ሦስተኛው መንገድ በፕሮግራም የሚሠራ ነው። ሁለቱ ኮምፒዩተሮች በአንድ የቤት ኔትወርክ ላይ ሲሆኑ፥ የአንዱ ኪቦርድና ማውስ ድንበር እንደሚሻገር መንገደኛ ወደ ሌላው ያልፋሉ። ማይክሮሶፍት በፈረንጅ አቆጣጠር በ2011 ያወጣው ማውስ ዊዝአውት ቦርደርስ፥ አፕልም በ2022 ያወጣው ዩኒቨርሳል ኮንትሮል ይህን ይሠራሉ። ነገር ግን ይህ መንገድ ሞኒተሩን የጋራ አያደርግም፤ እያንዳንዱ ኮምፒዩተር የራሱ ምስል ማሳያ ሊኖረው ይገባል። በመሥሪያ ቤት ንብረት ላይ ደግሞ ያለ ፈቃድ እንዲህ ያለ ፕሮግራም መጫን አይገባም፤ በጣት የተመታው ሁሉ በኔትወርክ ላይ ስለሚያልፍ የአደራ ነገር ነውና።

በአማርኛ ለሚጽፍ ቤተ ሰብ አንድ ነገር እንጨምር። የግዕዝ ፊደል በፈረንጅ አቆጣጠር በ1999 ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መዝገብ ውስጥ ስለ ገባ፥ በአንዱ ኮምፒዩተር የተጻፈው በሌላው ይነበባል። አጻጻፉ ግን የሚኖረው በኮምፒዩተሩ ውስጥ እንጂ በኪቦርዱ ውስጥ አይደለም። ኪቦርዱ አንድ ቢሆንም በሁለቱ ላይ ልዩ ልዩ የአማርኛ መጻፊያ ተጭኖ እንደ ሆነ፥ በአንዱ «ሀ» የሰጠው ቁልፍ በሌላው ሌላ ፊደል ሊሰጥ ይችላል። ስለዚህ በሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት መጻፊያ መጫን ጣትን ከመደናገር ያድናል።

የመብራትም ነገር አይዘነጋ። መብራት ሲጠፋ ላፕቶፑ ባትሪ ስላለው ሥራውን ይቀጥላል፤ ዴስክቶፑ ግን ያልተቀመጠውን ጽሑፍ ይዞ ይሞታል። ዩፒኤስ ያለው ቤተ ሰብ ዴስክቶፑንና ሞኒተሩን ባንድነት ከእርሱ ላይ ይሰካ፤ ሞኒተሩ ከጠፋ ዴስክቶፑ በሕይወት መኖሩ ሥራን አስቀምጦ ለመዝጋት አይረዳምና።

እስከዚህ ድረስ የተናገርነው ስለ ገመድና ስለ ቀዳዳ ነው። ከዚህ የሚበልጠው ግን ስለ ሰው ነው።

ማዞሪያው ሲዞር ፊት ተመለሰ እንጂ ልብ አልተኛም። ከዓይን የተሰወረው ኮምፒዩተር አሁንም ይሠራል። እናቲቱ ከባልደረቦችዋ ጋር በኢንተርኔት ስብሰባ ላይ ሳለች ምስሉን ለልጅዋ ብታዞርለት፥ የላፕቶፑ ማይክሮፎን ካልተዘጋ በቤት ውስጥ የሚነገረውን ሁሉ ባልደረቦችዋ ይሰማሉ። እንዲሁም የሚስጥር ቃልዋን የምትጽፈው በላፕቶፑ ላይ መስሎአት በልጁ ገጽ ላይ ልትጽፈው ትችላለች። ስለዚህ ሁለት ልማዶች ያስፈልጋሉ። ከማዞር በፊት ስብሰባን መፈጸምና ኮምፒዩተሩን መቈለፍ፤ በዊንዶውስ ላይ የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ከኤል ቁልፍ ጋር ባንድነት መጫን ይበቃል። ካዞሩ በኋላ ደግሞ ከመጻፍ በፊት የማን ገጽ እንደ ሆነ መመልከት።

ልጁ ማዞሪያውን ተጭኖ የእናቱ ሥራ ተከፍቶ ቢያገኘው፥ በክፋት ሳይሆን በችኮላ አንድ ሰነድ ሊያጠፋ፥ ያልተጨረሰም ደብዳቤ ሊልክ ይችላል። በዚያን ጊዜ ጥያቄው በእናቲቱና በመሥሪያ ቤትዋ መካከል ይሆናል፤ «ልጄ ነው» የሚለውም መልስ አያድናትም። የተሰጣት አደራ ለእርስዋ እንጂ ለቤተ ሰቡ አልነበረምና። በልጁም በኩል እንዲሁ ነው፤ ነገ የሚፈተንበትን ማስታወሻ የእናቱ ጥድፊያ ሊያበላሽበት አይገባም። ከአንድ መሶብ የሚበላ ቤተ ሰብ እንኳ እያንዳንዱ ከፊቱ ይቈርሳል።

የመጨረሻውም ነገር የጊዜ ሥርዓት ነው። ማዞሪያ ዕቃን የጋራ ያደርጋል እንጂ ሰዓትን አያበዛም። ለልጁ ከቀኑ 10 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት፥ ለእናቲቱ ከእራት በኋላ ተብሎ በግልጽ ቢወሰን ጠብ አይነሣም። በአንድ ሰዓት ሁለቱም የግድ መሥራት ሲኖርባቸው፥ የራሱ ምስል ማሳያ ያለው ላፕቶፑ ስለ ሆነ እናቲቱ ከጠረጴዛው ትነሣና ሞኒተሩን ለልጅዋ ትተውለታለች። ይህ በየቀኑ የሚደጋገም ከሆነ ግን አንዱ ሞኒተር ለዚያ ቤት አልበቃም ማለት ነው፤ በዚያን ጊዜ ቁጠባው ራሱ ኪሳራ እንዳይሆን ለሁለተኛው ገንዘብ ማጠራቀም ይገባል።

እንግዲህ ለአንባቢዎቻችን የምንመክረው ይህ ነው፤ ዕቃውን በጋራ፥ አደራውን ለየብቻ፥ ሰዓቱን በስምምነት ያዙ። ገመዱን በአንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ማንኛውም ሰው ሊያገናኘው ይችላል፤ ሥርዓቱን ግን ወላጆች ራሳቸው ጠብቀው ለልጆቻቸው ካላሳዩ በቀር ከመደብር አይገዛም።