ግመሏን ማን ይጻፋት?

ሞዴሉ ይጻፋት

ከአዋሽ ሰባት ኪሎ በገዋኔና በሚሌ አድርጎ ሰመራ የሚገባው አስፋልት የጅቡቲ ወደብ መስመር ነው፤ ቀን ከሌት ተሳቢ ይተምበታል። ያለ ሾፌር የሚሄድ መኪና አንድ ቀን እዚህ ቢመጣ የት ይፈተን? መንገዱ ላይ ለቀነው፣ ግመል ሲገድል እንማር የሚል ያለ አይመስለኝም።

ፈተናው በኮምፒውተር ውስጥ ነው የሚሆነው። ካርላን የመሰሉ በነጻ የሚገኙ የመንዳት ማስመሰያዎች አሉ፤ አድካሚው ትዕይንቱን በኮድ መጻፉ ነበር። አሁን ግን «ሲመሽ፣ ገዋኔ ሳይደረስ ተሳቢ ተበላሽቶ ቆሟል፤ ከጀርባው ግመሎች ይወጣሉ» ብሎ ለቋንቋ ሞዴል መንገር ይበቃል። ኮዱን ይጽፋል፤ የግመሎቹን ብዛት፣ ጨለማውን፣ ፍጥነቱን እየለዋወጠም ያባዛዋል።

የአገር ትዕይንት ለምን ያስፈልጋል? የስዊድኑ ቮልቮ እንስሳ አይቶ ፍሬን የሚይዝ መሣሪያው አውስትራሊያ ውስጥ በካንጋሮ ግራ መጋባቱን በ2009 ዓ.ም. አምኗል። የለመደው የአገሩን አጋዘን ነበር፤ ካንጋሮ ሲዘል ርቀቱ ይምታታበት ነበር። የእኛስ ግመል?

ያየ ይጻፋት

ባልደረባዬ ካንጋሮውን ያነሱት ለእኔ ሲሉ ይመስላል። ሞዴሉም የሚያውቀው ያነበበውን ነው፤ ስለዚህ የአፋር መንገድ የተጻፈው ደግሞ ጥቂት ነው፣ በአፋርኛማ ከዚያም ያነሰ። እረኛው ከመንጋው ፊት ነው ወይስ ኋላ? መሪዋ ግመል ከተሻገረች የቀሩት ጥሩንባ ሰምተው ይቆማሉ? ሞዴሉ ሁሉንም ያለ አንዳች እፍረት ይመልሳል።

በመጋቢት 2010 ዓ.ም. አሪዞና፣ ቴምፒ ከተማ ውስጥ የኡበር የሙከራ መኪና ብስክሌት እየገፋች የምትሻገር ሴት ገደለ። ከአምስት ሰከንድ በላይ ቀድሞ አይቷታል። ነገር ግን ሰው ከማቋረጫ ውጭ ሊሻገር እንደሚችል ሥርዓቱ ውስጥ አልገባም ነበር። አፋር ውስጥ ደግሞ ማቋረጫው ሜዳው ሁሉ ነው።

አፋር ዳጉ አለው። መንገደኞች ሲገናኙ ቁጭ ብለው ወሬ ይለዋወጣሉ፤ ያዩትን ከሰሙት ለይተው። ሐሰት ያወራ ይጠየቃል። ሞዴሉን ማን ይጠይቀዋል? ሺህ ትዕይንት ቢያመርት እንኳ የትኛው በየቀኑ፣ የትኛው በዓመት አንዴ እንደሚደርስ አይነግረንም። መኪናው ፈተናውን ሲያልፍ ታዲያ ያለፈው ምንን ነው?

ምላሽ

ዳጉውን ተቀብያለሁ። በዚሁ መንገድ ላይ ሎጊያ የሚያድሩት ሾፌሮችና እረኞቹ ይናገሩ፣ ሞዴሉ ቃላቸውን ወደ ኮድ ይለውጥ፣ እነሱው አይተው ይፍረዱ።

ምላሽ ለምላሹ

ለዚያ እስማማለሁ፤ ሳይፈርዱ ግን አንድም ትዕይንት ፈተና ተብሎ አይቆጠር።