ፕራይመር ቀይ አያደርግም፤ ቀይ መሆንም ግዴታ አይደለም

ወዳጆቼ፣ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ በተለይ ሞጆና አዳማ ላይ የውበት ሳሎን የከፈታችሁ ልጆቼ። ይቺ ጽሑፍ አንዳንዶቻችሁን ታስቆጣለች። ተቆጡ፣ ግን እስከ መጨረሻው አንብቡ።

የጥር ሰርግ ፎቶዎችን እያየሁ ነው። ፊት ሌላ፣ አንገት ሌላ፣ እጅ ሌላ! ጠይሟ ልጅ ፊቷ ላይ አመድ የተነሰነሰባት መስላለች። ለምን ብዬ ስጠይቅ መልሱ አንድ ነው፦ «ቲቸር፣ ፕራይመሩ ትንሽ ያቀላል ስለተባለ ነው።» እኔ የማልቀበለው ይሄንን ነው። ፕራይመር ሊያቀላ አልተሠራም። ያቀላል ብሎ የሚሸጥላችሁ ሰው ወይ ዕቃውን አያውቀውም፣ ወይ እያወቀ እየዋሻችሁ ነው።

ፕራይመር ከሎሽንና ከሰንስክሪን በኋላ፣ ከፋውንዴሽን በፊት የሚቀባ ስስ ነገር ነው። ግድግዳ ቀለም ከመቀባቱ በፊት ስቱኮ እንደሚደረግለት ማለት ነው። ሥራው ገጹን ማለስለስ፣ ወዝን ወይም ድርቀትን መቆጣጠርና ሜካፑን ይዞ ማቆየት ነው። በቃ። «የፊት ቀዳዳ ይዘጋል» የሚባለውም ተረት ነው። የቆዳ ቀዳዳ እንደ በር አይከፈትም፣ አይዘጋም። ፕራይመሩ ለጊዜው ሞልቶ ይሸፍነዋል፣ ማታ ስትታጠቢ አብሮ ይሄዳል።

ስለዚህ ደንበኛ ወንበር ላይ ስትቀመጥ የመጀመሪያው ጥያቄ «ምን ያህል ቀይ ትሁኚ?» ሳይሆን «ቆዳሽ ወዛም ነው ደረቅ?» መሆን አለበት። ለማወቅ ገንዘብ አይጠይቅም። ፊትሽን ታጠቢ፣ ምንም ሳትቀቢ አንድ ሰዓት ያህል ቆዪ፣ ከዚያ በሶፍት ግንባርሽን፣ አፍንጫሽንና ጉንጭሽን ጫን ጫን አድርጊ። ሁሉም ቦታ ወዝ ከወጣ ወዛም ነሽ። ግንባርና አፍንጫ ላይ ብቻ ከሆነ ድብልቅ ነሽ። ምንም ሳይወጣ ፊትሽ ከተወጠረ ደረቅ ነሽ።

ወዛም ቆዳ ወዝ የሚመጥ፣ ሲሊካ ያለበት፣ የማያብረቀርቅ ፕራይመር ይሻላል። ደረቅ ቆዳ ግሊሰሪን ወይም ሃያሉሮኒክ አሲድ ያለበትን ይፈልጋል። ድብልቅ ከሆነ ወዛሙ ቦታ ላይ አንዱን፣ ጉንጭ ላይ ሌላውን ማድረግ ነው። ቶሎ የሚቆጣ ቆዳ ያላት ደግሞ ሽቶና አልኮል ከበዛበት ትራቅ። የእኛ ቆዳ ሲቆጣ ቅላቱ ብዙም አይታይም፣ የሚተወው ጥቁር ምልክት ግን ለወራት ይቆያል። የአንድ ቀን ሜካፕ ለዚያ አይበቃም።

አሁን ወደ ኬሚስትሪያችን። ዘይትና ውሃ አይዋሃዱም ብለን የለ? የፕራይመሩን ጀርባ አንብቡ። መጨረሻው «ኮን» ወይም «ሳይሎክሴን» የሚል ስም፣ ለምሳሌ ዳይሜቲኮን፣ ከላይ ከተጻፈ ሲሊኮን ነው። እሱ ላይ በውሃ የተሠራ ፋውንዴሽን ስትደርቡ ብዙ ጊዜ እንደ ላጲስ ፍርፋሪ እየተንከባለለ ይነሳል። ሲሊኮንን ከሲሊኮን፣ ውሃን ከውሃ ጋር አድርጉ። መጠኑ የአተር ፍሬ የምታህል ትበቃለች። ከቀባችሁ በኋላም ደቂቃ ሁለት ደቂቃ ታገሱ፣ ይያዝ።

ቀለሙስ? ደስ የሚለው ነገር እዚህ ጋ ነው። ጥሩ ፕራይመር አብዛኛውን ጊዜ ቀለም የለውም፤ ለጥቁሯም፣ ለጠይሟም፣ ለቀይ ዳማዋም ይሆናል። ችግር የሚያመጣው ነጭ፣ ሮዝ ወይም ፈካ ያለ ወይንጠጅ የሆነው «አብሪ» የሚሉት ነው። እሱ የታሰበው ለነጣ ቆዳ ነው። ጠይም ላይ ሲቀባ ግራጫ ይሆናል፣ በካሜራ ፍላሽ ደግሞ ይብስበታል። ማድያት ወይም ጥቁር ምልክት ካለ መፍትሔው ፊቱን በሙሉ ማንጣት አይደለም። ምልክቱ ላይ ብቻ ብርቱካናማ ማስተካከያ ነካ ማድረግ ነው፤ ቆዳዋ ፈካ ላለች ደግሞ የኮክ ፍሬ ቀለም ያለው።

ብዙ ዕቃ እኛን አስቦ እንዳልተሠራ እወቁ። ዓለም የቆዳ ዓይነት የሚለይበት የፊትዝፓትሪክ መለኪያ እ.ኤ.አ. በ1975 ሲወጣ የነጮችን ቆዳ ብቻ ነበር የሚመለከተው፤ ቡናማና ጥቁር ቆዳ የተጨመረው በኋላ ነው። ፌንቲ ቢዩቲ እ.ኤ.አ. በ2017 ፋውንዴሽን በ40 ቀለም ሲያወጣ ዓለም ጉድ ያለው ለምን ይመስላችኋል? የእኛ ቋንቋ ግን ጥቁር፣ ጠይም፣ የቀይ ዳማ፣ ቀይ ብሎ ከለየ ስንት ዘመኑ! አያቶቻችን በስም የለዩትን መልክ እኛ በአንድ ቲዩብ ልናጠፋው?

አገሩንም አስቡ እንጂ። ሞጆ ወደ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ ፀሐይዋ ቀልድ አታውቅም። የጥር ጠዋት ደረቅና ብርዳም ነው፣ ቀትር ላይ ያቃጥላል፣ የደረቅ ወደቡ ከባድ መኪና የሚያስነሳው አቧራ አለ። ዝናብ አገር ያለች ልጅ ቲክቶክ ላይ ያሳየችውን እንዳለ መገልበጥ ምን ይሉታል? «ጥቁር ቆዳ ሰንስክሪን አያስፈልገውም» የሚለውንም ተዉት። ቶሎ ባይቃጠልም ማድያቱን የሚያብሰው ፀሐይ ነው።

«ቲቸር፣ ሙሽራዋ ራሷ ናት ቀይ አድርጊኝ የምትለው» ትሉኛላችሁ። እውነት ነው፣ ትላለች። ታዲያ ባለሙያዋ ማን ናት? ሁለት ስልክ ፎቶ አንሺና አሳያት፤ አንዱን ከራሷ መልክ ጋር በሚሄድ ሜካፕ፣ አንዱን በነጣው፣ ሁለቱንም ውጪ ብርሃን ላይ፣ አንገቷ እየታየ። ራሷ ትፈርዳለች። «ዕቃ ውድ ነው፣ ለሁሉም ቆዳ የሚሆን ከየት አምጥተን?» ለምትሉም፣ ቀለም የሌላቸው ሁለት ፕራይመሮች ይበቃሉ። አንዱ ለወዛም፣ አንዱ ለደረቅ። አብሪውን መግዛት ስታቆሙ ገንዘቡ ይተርፋችኋል።

የመጨረሻው ከሁሉም የከፋው ነው። «ቀስ በቀስ ያቀላል» የተባለ ነገር ፕራይመር ተብሎ ከመጣላችሁ አትንኩት። እንዲህ ያሉ ማቅያዎች ውስጥ ሃይድሮኪኖን፣ ኃይለኛ ስቴሮይድ፣ አልፎ ተርፎ ሜርኩሪ ይገኛል። ስቴሮይዱ ቆዳ ያሳሳል፣ ሜርኩሪው ኩላሊት ይጎዳል። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የውበት መጠበቂያዎችን በምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ቁጥጥር ሥር ያደረገው ያለ ምክንያት አይደለም። ምን እንዳለበት ያልተጻፈበትን ቲዩብ ሰው ፊት ላይ አታድርጉ።

ሙሽራ ከሃያ ዓመት በኋላ አልበሟን ስትገልጥ ራሷን ማግኘት አለባት። ልጇ «ይቺ ማን ናት?» ብላ እንድትጠይቃት አትፍረዱባት። የማትስማሙ ካላችሁ ኮሜንት ላይ እንከራከር፣ የተስማማችሁ ደግሞ ሰርግ ለደረሰባት እህታችሁ ሼር አድርጉላት።