ጩኸቱ ወይስ ሞተሩ?

ከወረታ የጻፍክልኝ ወንድሜ፣ ደብዳቤህ ደርሶኛል። ከሩዝ ሽያጭ ለሠርግ ባጠራቀማችሁት ብር አንዲት ያረጀች ኮሮላ ልትገዛ ቋምጠሃል። ደላላው «ማስል ካር ናት፣ ድምጿን ስማ!» ይልሃል። እጮኛህ ደግሞ «ወይ እኔ ወይ መኪናዋ» ብላለች። «ምን ይመክሩኛል?» ካልክ እንግዲህ ስማኝ።

ማስል ካር፣ ማለትም ጉልበተኛ መኪና፣ የአሜሪካኖች ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 ፖንቲያክ የትልልቆቹን መኪኖች 6.4 ሊትር፣ ባለ 8 ሲሊንደር ሞተር መካከለኛ መኪናው ውስጥ ከትቶ «ጂ.ቲ.ኦ.» ብሎ ሸጠ። ቁም ነገሩ ይኸው ነው፤ ትልቅ ሞተር፣ መካከለኛ አካል፣ ኃይሉ ወደ ኋላ ጎማ የሚሄድ፣ ዋጋውም የወጣት ኪስ የሚችለው።

ያንተዋ ግን ባለ 4 ሲሊንደር ናት። ማርሚታዋን ቢቆርጡላት ትጮሃለች፤ ጎኗን ቀይ መስመር ቢቀቧት ታምራለች፤ ሞተሯ ግን ያው ነው። አንተ የፎገራ ልጅ ሆነህ በሬ በግሳቱ ትገዛለህ እንዴ? ቀንበር ላይ አይተኸው አይደል! ደግሞስ ክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳው ሲጥለቀለቅ፣ ዝቅ ያለች መኪና ዋልካው ላይ ምን ልትሆን ነው?

እናም አቦ አትሸወድ። ብሩ የሁለታችሁ ላብ ነው፤ ብቻህን አትወስንበት። መጀመሪያ ልጅቷን ይቅርታ ጠይቅ፣ ሠርጋችሁን ደግሱ። ከዚያ መኪና ካማራችሁ መካኒክ ይዛችሁ አብራችሁ ሂዱ። ደላላው ስለ ድምጿ ማውራት ሲጀምር «ኮፈኑን ክፈትልን» በሉት።