ጾማችንን ማን ሚዛን ላይ አወጣው?



ወገኖች፣ የጾምና ጸሎት ጊዜ በታወጀ ቁጥር በየኅብረቱ ሁለት ዓይነት ንግግር ይሰማል። አንዱ በግልጥ፣ በሳቅ የሚነገር ነው፦ «ዘንድሮ ጾሙ ተስማምቶሻል፤ ስንት ኪሎ ቀነስሽ?» ሌላው በሹክሹክታ ነው፦ «እገሌ እንዲህ የከሳው በጾም ብቻ ይመስላችኋል?» ሁለቱ ንግግሮች የማይገናኙ ይመስላሉ። እኛ ግን ከአንድ ዓይን የሚወጡ ናቸው እንላለን። ያ ዓይን የወንድሙን ሰውነት እየመዘነ፣ መቅጠኑን አንድ ጊዜ እንደ በረከት፣ ሌላ ጊዜ እንደ እርግማን ያነባል። እግዚአብሔር ግን ሳሙኤልን በእሴይ ቤት ያስተማረው መልክና ቁመና እንዳይመዝን ነው (1ኛ ሳሙ. 16፥7)።

አስቀድመን ስለ ሳቁ እንናገር። ጾምን «ለነፍስም ለወገብም ይጠቅማል» እያሉ የሚያስተዋውቁ አገልጋዮች አሉ። እንኳን በቃሉ፣ በሳይንሱም ሲታይ ደካማ ስብከት ነው። የሙስሊም ጎረቤቶቻችን የረመዳን ጾም በክብደት ላይ ያለው ውጤት ብዙ ተጠንቷል። 35 ጥናቶችን በአንድነት የመረመረ አንድ ሥራ፣ ጿሚዎች በወሩ ውስጥ በአማካይ ከአንድ ኪሎ ትንሽ በለጥ የሚል ክብደት እንደሚቀንሱ፣ ይህም በአብዛኛው ጾሙ ካበቃ በኋላ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ እንደሚመለስ አሳይቷል። ስለዚህ ኪሎ ለመቀነስ የጾመ ሰው ዋጋው በወሩ ይወሰድበታል። ጌታችን ጾመኛ ፊቱን ታጥቦ፣ ራሱን ተቀብቶ፣ መጾሙን ከሰው እንዲሰውር ያዘዘው (ማቴ. 6፥16-18) ሰው የሚያየው ለውጥ የጾም ምስክር እንዳይሆን ነው። ጤናን መጠበቅ መልካም ነው፤ ስሙ ግን አመጋገብ እንጂ ጾም አይደለም።

ሹክሹክታው ግን ከዚህ ይከፋል፤ ሰው ይገድላልና። መክሳት የኤች.አይ.ቪ. ምልክት ተደርጎ የተቆጠረው ያለ ምክንያት አይደለም። በ1985 እ.ኤ.አ. በዩጋንዳ ራካይ አካባቢ በሽታው በሕዝቡ ዘንድ «ስሊም»፣ ማለትም «ቀጭን» ተብሎ ይጠራ እንደ ነበር ሐኪሞች ጽፈዋል። በአገራችንም መድኃኒቱ ከመምጣቱ በፊት ብዙዎች ሰውነታቸው አልቆ ሲያልፉ አይተናል። ነገር ግን ፀረ ኤች.አይ.ቪ. መድኃኒት በኢትዮጵያ በነጻ መሰጠት ከጀመረ ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ ያ ዘመን ተለውጧል። እንዲያውም በ2019 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነ በጆሃንስበርግ የተደረገ ጥናት፣ ዛሬ በሰፊው የሚሰጠውን ዶሉቴግራቪር የሚወስዱ ሰዎች፣ በተለይም ሴቶች፣ ክብደት እንደሚጨምሩ አሳይቷል። እንግዲህ ከኋላ ወንበር ሆኖ የሰው ጉንጭ እያየ «ይህ አለበት፣ ያ የለበትም» የሚል ምእመን ኃጢአት ብቻ ሳይሆን ስሕተትም ይናገራል። የከሳው ወንድም ስኳር ወይም ጨጓራ ሊኖርበት ይችላል፤ ወይም ከልጆቹ ጋር የሚበላው አጥቶ ይሆናል። «ምን ያዘው?» ከማለት «ምን በላ?» ማለት ይቀድም ነበር።

ይህ ሹክሹክታ በጾም ጊዜ ምን እንደሚያደርግ አስቡ። ቫይረሱ በደሟ ያለባት እኅት በየቀኑ በሰዓቷ ክኒኗን ትወስዳለች። የሃያ አንድ ቀን ጾም ሲታወጅ፣ ሌሊቱን በጸሎት ቤት ስታድር ክኒኑን ብትውጥ ትታያለች፤ ካልጾመች «ለምን?» ትባላለች። ቀላሉ መንገድ መዝለል ይሆናል። በዚህ ላይ መድረክ ላይ የቆመ ሰው «ጾማችሁን ስትፈቱ መድኃኒቱን ጣሉት፣ ተፈውሳችኋል» ካለ፣ የፈራችው ነገር ሁሉ ትእዛዝ ሆኖ ይመጣላታል።

መድኃኒት ማቋረጥ ምን እንደሚያመጣ ተፈትሾ ታውቋል። በ33 አገሮች ከ5,400 በላይ ሰዎች የተሳተፉበት ስማርት የተባለ ጥናት፣ እያቋረጡ የሚወስዱትን ሳያቋርጡ ከሚወስዱት ጋር አነጻጽሮ ነበር። ባቋረጡት ላይ የከባድ ሕመምና የሞት አደጋ ከእጥፍ በላይ ሆኖ ስለ ተገኘ፣ በ2006 እ.ኤ.አ. አዲስ ተሳታፊ መቀበሉ ከታሰበው ጊዜ ቀድሞ ቆመ። እነዚያን ሰዎች ሐኪም ይከታተላቸው ነበር። በነቢይ ቃል ያቋረጠችውን እኅት ማን ይከታተላታል?

«ይህ እምነት ማነስ ነው» የሚሉን አይጠፉም። እኛ በፈውስ እናምናለን፤ ጌታ ዛሬም ይፈውሳል። ነገር ግን ጌታ አሥሩን ለምጻሞች ወደ ካህናት ሄደው እንዲታዩ ልኳቸዋል (ሉቃ. 17፥14)። እውነተኛ ፈውስ ምርመራን አይፈራም። ኢሳይያስ ለሕዝቅያስ የአሥራ አምስት ዓመት ዕድሜ ተስፋ ካመጣለት በኋላ በቁስሉ ላይ የበለስ ጥፍጥፍ እንዲደረግ አዟል (ኢሳ. 38፥21)። ጳውሎስም ጢሞቴዎስን ለሆዱ ሕመም የሚረዳውን ነገር መክሮታል እንጂ «እምነትህ ጎድሏል» አላለውም (1ኛ ጢሞ. 5፥23)። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጠበል የሚጠመቁ ሕሙማን መድኃኒታቸውንም አብረው እንዲወስዱ በአደባባይ ተናግረዋል። በብዙ ትምህርት ከእነርሱ ጋር አንስማማም፤ በዚህ ቃል ግን ብዙ መድረኮቻችንን ቀድመውናል።

እግዚአብሔር የመረጠው ጾም የበደልን እስራት የሚፈታ፣ ለተራበ እንጀራን የሚቆርስ ነው (ኢሳ. 58፥6-7)። መገለል እስራት ነው። ጾመን ይህን እስራት ካጠበቅነው፣ የጾምነው ለማን ነው?

ስለዚህ እረኞችና ሽማግሌዎች ሆይ፣ ጾም ስታውጁ ይህን አብራችሁ አውጁ፦ መድኃኒት የሚወስድ ሁሉ መድኃኒቱን እንዳያቋርጥ፣ ከምግብ መከልከሉንም ከሐኪሙ ጋር እንዲመክር። ያልጾመ ሰው ምክንያቱን አይጠየቅ። በሐኪም ምርመራ ያልተረጋገጠ የኤች.አይ.ቪ. ፈውስ ምስክርነት መድረክ ላይ አይውጣ። የሰው ምርመራ ውጤት የጸሎት ርእስ እየተባለ በቡድን አይዙር።

ቫይረሱ በደምህ ያለብህ ወንድም፣ ያለብሽ እኅት፣ ዶሉቴግራቪር ያለበት ክኒን ከምግብ ጋርም ያለ ምግብም ይወሰዳል፤ ጾም ክኒኑን ለመዝለል ምክንያት አይሆንም። ሳያቋርጡ ወስደው የቫይረሱ መጠን በምርመራ የማይታይ ደረጃ ላይ የደረሰ ሰዎች በግብረ ሥጋ ግንኙነት ለትዳር አጋራቸው አያስተላልፉም። በቀን አንድ ክኒን መዋጥ ክርስቶስን መካድ አይደለም። ወደ ቤተ ክርስቲያን ለመምጣት የምታመነቱ ደግሞ ይህን እወቁ፦ የምንሰብከው ጌታ ለምጻሙን ሳይነጻ በፊት እጁን ዘርግቶ የዳሰሰውን ነው (ማር. 1፥41)። ከእርሱ ሌላ ፊት የሚያሳያችሁ ሰው ካገኛችሁ፣ ያ ፊት የእርሱ አይደለም።

ጌታ ማስተዋልን ይስጠን።