አረንጓዴው ምልክት ስለ ምን ነው የሚነግረን?

መሰላል እዚህ ገጽ ላይ ምን ይሠራል የምትሉ ትኖራላችሁ። የሚረዝም መሰላል መቆለፊያ ስቴት ማሽን ነው፤ ያውም ስህተቱ ሎግ ፋይል ላይ ሳይሆን ሰው ወገብ ላይ የሚጻፍ።

ካሜራ የሚተክል ወይም የኔትወርክ ገመድ የሚዘረጋ ሰው መኪና ውስጥ የሚገባውን ቴሌስኮፒክ መሰላል ቢመርጥ አይገርምም። አንዱ ቱቦ በሌላው ውስጥ ያልፋል፤ ሲዘረጋ በየመርገጫው ግራና ቀኝ በሞላ የሚገፋ ፒን ቀዳዳው ውስጥ ይገባና ይቆልፈዋል። አሥር መርገጫ ካለው ወደ ሃያ የሚጠጉ ፒኖች አሉ ማለት ነው። ሁሉም መግባት አለባቸው።

ብዙ ሞዴሎች መቆለፋቸውን በቀለም ያሳያሉ፤ ቀይ ከሆነ አትውጣ፣ አረንጓዴ ከሆነ ውጣ። የኔ ቅሬታ እዚህ ላይ ነው። ቀለሙ ከአውራ ጣት መግፊያው ጋር ብቻ የተያያዘ ከሆነ የሚነግረን መግፊያው ወደ ቦታው መመለሱን እንጂ ፒኑ ቀዳዳው ውስጥ መግባቱን አይደለም። ትእዛዝ መላክና ትእዛዝ መፈጸም ይለያያሉ። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1979 በፔንሲልቬኒያው የስሪ ማይል አይላንድ የኑክሌር ጣቢያ የሆነውን አስታውሱ። የመቆጣጠሪያ ክፍሉ መብራት ያሳይ የነበረው ቫልቩ እንዲዘጋ ምልክት መላኩን ነበር። ቫልቩ ግን ተከፍቶ ቀርቷል። ሠራተኞቹ መብራቱን አመኑ፤ ማቀዝቀዣው ውሃ ከሁለት ሰዓት በላይ ሲፈስ ቆየ፤ የሪአክተሩ እምብርት በከፊል ቀለጠ።

ስለዚህ ቀለሙ ፒኑ ራሱ ላይ ይሁን፤ የሚታየውም ፒኑ እስከ መጨረሻው ሲገባ ብቻ። ቀይና አረንጓዴን መለየት የሚቸግራቸው ወንዶች ጥቂት አይደሉም፤ በጣት የሚዳሰስ ምልክት ቢጨመርበት ምን ያህል ያስወጣል?

ከክፍትና ከዝግ በላይ የሚያስፈራኝ ሦስተኛው ሁኔታ ነው፤ ግማሽ የገባ ፒን። አሸዋ፣ የደረቀ ቀለም ወይም ትንሽ የተጣመመ ቱቦ ያስቆመዋል። መሰላሉ ግን ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ሰው ወጥቶ ሲነቃነቅ ነው ፒኑ የሚንሸራተተው። አንዱ ክፍል ሲወርድ ከታች ያለውን ይመታል፤ ከዚያ በኋላ ያለውን መገመት አያቅትም። እኔ ብሆን የፒኑን ጫፍ በሰያፍ እቆርጠዋለሁ፤ ግማሽ የገባ ከሆነ መሬት ላይ ቆመን በእጅ ስንጫነው ተንሸራቶ እንዲወጣና ክፍሉ እዚያው እንዲወርድ። በኛ ሙያ ፕሮግራሙ ገና ሲነሳ ቢወድቅ ይሻላል እንደምንለው ነው። ሙሉ በሙሉ የገባ ፒን ደግሞ ጎኑ ላይ ጎድጎድ ያለ ቦታ ቢኖረው የሰውየው ክብደት ራሱ አጥብቆ ይይዘዋል፤ ሰው ላዩ ላይ እያለ መግፊያው ቢነካ አይከፈትም።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። በገመድ እየተሳበ የሚረዝመውን የድሮ መሰላል ተመልከቱ። የላይኛውን ክፍል ለማውረድ መጀመሪያ ወደ ላይ ማንሳት ያስፈልጋል፤ ያኔ ነው የመንጠቆው ምላስ መርገጫውን የሚለቀው። ሰው የቆመበትን መሰላል ደግሞ ማንም በስህተት አያነሳም። ኤሊሻ ኦቲስም እ.ኤ.አ. በ1854 ኒው ዮርክ ውስጥ ሕዝብ እያየ አሳንሰሩ ላይ ቆሞ ገመዱን አስቆርጧል። ሞላውን ወጥሮ ይይዝ የነበረው የገመዱ ውጥረት ነበርና ውጥረቱ ሲጠፋ ሞላው ተለቅቆ ጎን ካሉት ጥርሶች ጋር ተያዘ፤ አሳንሰሩም ቆመ።

ሴንሰርና ብሉቱዝ እንጨምርበት የሚሉ ጓደኞች አሉኝ። በሶፍትዌር የምተዳደር ሰው ሆኜ እቃወማለሁ። ባትሪው ያለቀ ቀን ስልኩ ላይ የሚታየው የትናንቱ አረንጓዴ ቢሆንስ? ሴንሰር የግድ ከሆነ ዝምታ ማለት "አትውጣ" ማለት ይሁን።

አውሮፓ ለቴሌስኮፒክ መሰላል ራሱን የቻለ ደረጃ አላት፤ ኢኤን 131-6 ይባላል። ከመግዛታችሁ በፊት ቁጥሩን ፈልጉ። ማኅተም ግን በኢንተርኔት ርካሽ ዕቃ ላይም ማተም ቀላል ነው፤ ስለዚህ ዕቃው ሲደርሳችሁ ከመውጣታችሁ በፊት እያንዳንዱን ክፍል ዘርግታችሁ በሁለት እጃችሁ ወደ ታች ተጫኑት። የወረደ ክፍል ካለ በዚያው ቀን መልሱት።