«ሉክአውት» ሙዚቃ ቤትን ምን ጣለው?

በዚህ የግድግዳ ጋዜጣ ላይ ስለ ሙዚቃ ሲጻፍ ብዙውን ጊዜ የሚነሳው የድምፃዊው ችሎታ ወይም የዘፈኑ መልእክት ነው። ዘፈኑን ሸክላ ላይ አሳትሞ ለሕዝብ የሚያደርሰው ማን እንደሆነ፣ ገንዘቡስ በማን እጅ እንደሚያልፍ የሚጠይቅ እምብዛም የለም። እኛ ዛሬ ማንሳት የፈለግነው ይህንኑ ነው። የምንጽፈውም በአሜሪካ በካሊፎርኒያ ስለነበረው፣ ሙዚቀኞች ራሳቸው ስላቋቋሙትና ስለመሩት «ሉክአውት» ስለተባለው የፓንክ ሙዚቃ ቤት ነው። ቤቱ በ1987 ተቋቋመ፤ በ2012 ተዘጋ። (እዚህ የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ለምን ተዘጋ በሚለው ላይ ከመኝታ ክፍል ጓደኞቻችን ጋር ስንከራከር ሰንብተናል። አብዛኞቹ «ያሳደጋቸው ልጆች ታዋቂ ሲሆኑ ከዱት፣ እሱም ወደቀ» ባዮች ናቸው። እኛ በዚህ አንስማማም።

ፓንክ ምን እንደሆነ ለማያውቁ አንባቢያን ባጭሩ እንግለጽ። በ1970ዎቹ አጋማሽ በኒው ዮርክና በለንደን የተነሳ፣ ሦስት አራት ኮርድ ብቻ የሚያውቁ ወጣቶች በፍጥነትና በጩኸት የሚጫወቱት ሙዚቃ ነው። ላልለመደው ጆሮ ሁካታ መሆኑን አንክድም። ይሁን እንጂ እነዚህ ወጣቶች አንድ የሚደነቅ ነገር አድርገዋል፤ ትልልቅ ኩባንያዎች በራቸውን እስኪከፍቱላቸው ቁጭ ብለው አልጠበቁም። በ1977 መጀመሪያ የማንችስተሩ «በዝኮክስ» ባንድ 500 ፓውንድ ተበድሮ 1,000 ሸክላ በራሱ አሳተመ። ተሸጦ አለቀ፣ እንደገና ታተመ። ሌሎቹም ይህንን አይተው «ለካ ይቻላል!» አሉ።

ነገሩ ሲታይ ቀላል ነው። ዘፈኑ ይቀረጻል፣ ቅጂው ወደ ሸክላ ፋብሪካ ይላካል፣ ሽፋኑን ጓደኛሞች ተሰብስበው ያጥፋሉ። ከባዱ ገንዘቡ የሚመላለስበት መንገድ ነው። ፋብሪካው ክፍያውን ቶሎ ይፈልጋል፤ አከፋፋዩ ግን ሸክላውን በዱቤ ወስዶ የሚከፍለው ከወራት በኋላ ነው፤ ያልተሸጠውንም ይመልሳል። ገንዘቡ በመጨረሻ ሲመጣ የሚገባው በሙዚቃ ቤቱ እጅ ነው። ከዚያ ውስጥ የባንዶቹ ድርሻ አለበት። ይቺን ነጥብ አንባቢ ይያዝልን፤ ኋላ እንመለስባታለን።

ሉክአውትን የመሠረቱት ላሪ ሊቨርሞርና ዴቪድ ሄይስ ናቸው። ሊቨርሞር በሰሜን ካሊፎርኒያ፣ ሌይተንቪል በምትባል ትንሽ ከተማ አቅራቢያ፣ የኤሌክትሪክ መስመር ባልደረሰበት ተራራ ላይ ይኖር ነበር። «ሉክአውት» የምትባል ራሱ የሚያዘጋጃት አነስተኛ መጽሔት ነበረችው፤ ከዚህች ከኛ ጋዜጣ ብዙም የምትርቅ አይመስለንም። በዚያው ስም ባንድ አቋቋመ። ከበሮ የሚመታ ሰው ሲያጣ የጎረቤቱን ልጅ ወሰደ። ልጁ 12 ዓመቱ ነው፤ ሊቨርሞር ደግሞ ወደ አርባዎቹ የተጠጋ ጎልማሳ! ያ ልጅ ትሬ ኩል ይባላል፤ ኋላ የታዋቂው «ግሪን ዴይ» ባንድ ከበሮ መቺ የሆነው እሱ ነው። መምህር ሊሆን ለሚዘጋጅ ሰው ይህ ብቻውን አንድ ጽሑፍ ይወጣዋል፤ ለዛሬ እንለፈው።

በዚያው ወቅት በበርክሌይ ከተማ፣ ጊልማን ጎዳና ቁጥር 924፣ በበጎ ፈቃደኞች የሚሠራ የወጣቶች መጫወቻ አዳራሽ ተከፍቶ ነበር። የተከፈተው በ1986 የመጨረሻ ዕለት ነው። መጠጥ የለም፣ ድብድብ ክልክል፣ ዘረኝነትም ክልክል። ሉክአውት ባንዶቹን የሚያገኘው በአብዛኛው ከዚህ ነበር። በ1988 መጀመሪያ የአራት ባንዶችን ትንንሽ ሸክላዎች ባንድ ጊዜ አወጣ። ከአራቱ አንዱ «ኦፐሬሽን አይቪ» ነው፤ ሁለት ዓመት ያህል ብቻ ኖሮ በ1989 የፈረሰ ባንድ። በዚያው ዓመት ያወጣው «ኢነርጂ» የተሰኘ አልበሙ ግን ባንዱ ከፈረሰ በኋላም መሸጡን አላቆመም። ግሪን ዴይንም ሊቨርሞር ያገኘው ልጆቹ ገና ስም ሳይኖራቸው፣ ተራራው ላይ ባንድ ቤት ውስጥ ለጥቂት ታዳጊዎች ሲጫወቱ ሰምቶ ነው። የመጀመሪያ አልበማቸውን በ1990 አሳተመላቸው፤ ሁለተኛውንም እንዲሁ።

ውሉ እንዴት ነበር? ከትርፉ ከግማሽ በላይ ለባንዱ፣ የቀረው ለቤቱ። ይህ ትልቅ ነገር ነው። እኛ አገር በካሴት ዘመን ብዙ ድምፃዊ ሥራውን ለሙዚቃ ቤት ባንድ ጊዜ ክፍያ ሸጦ ይወጣ ነበር፤ ካሴቱ ቢቸበቸብ ባይቸበቸብ እሱን አይመለከተውም። የሉክአውት ልጆች ግን ሸክላው በተሸጠ ቁጥር ድርሻ ነበራቸው። ሄይስ በ1989 ለቀቀ፤ ሊቨርሞርም ክሪስ አፕልግሬንን የመሳሰሉ ልጅ እግር ጓደኞች ይዞ ቤቱን ቀጠለ። ሥራው የሚካሄደው በበርክሌይ ካንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ነበር፤ ሙዚቀኞቹም ይገቡ ይወጡ ነበር። ሉክአውትን የምናደንቀው ለዚህ ጊዜው ነው፤ ለዝናው አይደለም።

አሁን ወደ «ከዱት» ባዮች እንምጣ። ግሪን ዴይ በ1993 «ሪፕራይዝ» ለሚባል ትልቅ ኩባንያ መፈረሙ እውነት ነው። በ1994 «ዱኪ» የተሰኘውን አልበም አወጣ፤ ይህም በአሜሪካ ብቻ ከ10 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጠ። የጊልማን አዳራሽ ለትልልቅ ኩባንያ የፈረሙትን አላጫውትም የሚል ደንብ ነበረውና ለግሪን ዴይም በሩን ዘጋ። አዳራሹ ቅር ቢለው አይፈረድበትም። ሉክአውት ግን ምን አጣ? የመጀመሪያዎቹ ሁለት አልበሞች እዚያው ቀሩ እኮ! «ዱኪን» የወደደ ሁሉ የቀድሞዎቹን ሊገዛ ወደ ሉክአውት መጣ። በስልክና በፖስታ የሚሠራ ትንሽ ቤት ገንዘብ ጎረፈለት። እንግዲህ ልጆቹ መሄዳቸው ቤቱን ጣለው የሚባለው በምን ሒሳብ ነው? ከሄዱ በኋላ አሥር ዓመት በላይ የኖረው በነሱ ሸክላ አይደለም ወይ?

ሊቨርሞር በ1997 ቤቱን ለአፕልግሬንና ለጓደኞቹ ትቶ ወጣ። ከዚህ በኋላ ቤቱ ትልቅ መሆን አማረው። ቢሮ ሰፋ፣ ሠራተኛ በዛ፣ ለአዳዲስ ባንዶች ማስታወቂያና ቪዲዮ ገንዘብ መውጣት ጀመረ። ክፉ ሐሳብ ነበራቸው አንልም። ለሚወዷቸው ባንዶች ሲሉ ያደረጉት ነው፤ ከባንዶቹም አንዳንዶቹ ጎበዞች ነበሩ። ሆኖም አዲሱ ሸክላ የተጠበቀውን ያህል ካልተሸጠ ወጪው ከየት ይሸፈናል? ከድሮዎቹ ሸክላ ከሚመጣው። በሱ ውስጥ ደግሞ ገና ያልተከፈለ የድሮዎቹ ባንዶች ድርሻ አለ። «የሰው ወርቅ አያደምቅ» የሚባለው እንዲህ ያለው ነው። የድርሻ ክፍያው ዘገየ፤ መዘግየቱ ወደ ዕዳ ተለወጠ፤ ዕዳውም ተከማቸ። በ2005 ግሪን ዴይ ድርሻው ስላልተከፈለው ሁለቱን አልበሞች ከሉክአውት ወሰደ። ሌሎች ባንዶችም በየፊናቸው ሸክላቸውን አወጡ፤ የኦፐሬሽን አይቪ «ኢነርጂ» በ2007 ወደ «ሄልካት» ሄደ። ሉክአውት ሠራተኞቹን አሰናበተ፣ አዲስ ሸክላ ማውጣት አቆመ፣ ያለውን እየሸጠ እስከ 2012 ተንገታግቶ ተዘጋ።

አንዳንድ ጓደኞቻችን ደግሞ «ጥፋቱ የጽሑፍ ውል ማነስ ነው፤ ጠንካራ ውል ቢኖር ይህ አይደርስም» ይላሉ። ይህም አያሳምነንም። በዋሽንግተን ከተማ «ዲስኮርድ» የሚባል ሌላ የፓንክ ሙዚቃ ቤት አለ። በ1980 ኢያን ማካይና ጓደኞቹ፣ ባንዳቸው ሲፈርስ ከየመድረኩ ያገኙትንና ሳይካፈሉ ያጠራቀሙትን ገንዘብ አውጥተው የመሠረቱት ነው። ከባንዶቹ ጋር የጽሑፍ ውል የለውም፤ በቃል ነው። ትርፉን ይካፈላሉ። ይኸው ከአርባ ዓመት በላይ ሆነው፣ አልተዘጋም። የከተማውን ልጆች ሸክላ ብቻ እያሳተመ በልኩ ኖረ። ስለዚህ ወረቀቱ መኖሩ ወይም አለመኖሩ ዋናው ልዩነት አይደለም። ልዩነቱ በካዝና ውስጥ ካለው ብር የቤቱ የትኛው ነው፣ የባንዱስ የትኛው ነው የሚለውን ለይቶ መያዝ ላይ ነው። የዕቁብ ሰብሳቢ ጣት የማያበዛው ለምንድነው? የወር ዕጣው የሱ አለመሆኑን ስለሚያውቅ ነዋ።

ይህ የሩቅ አገር ወሬ የሚመስለው ካለ የሚከተለውን ያድምጥ። ሁለተኛ ደረጃ ሳለን ባንድ ትምህርት ቤት የድራማ ክበብ ቴአትር አሳይቶ የመግቢያ ገንዘብ ሰበሰበ። ስምምነቱ ወጪው ተቀንሶ የቀረው ለተዋንያኑ እንዲከፈል ነበር። ክበቡ ግን ድምፅ ማጉያ ገዛበት። ተዋንያኑ ሲጠይቁ «ለክበባችሁ እኮ ነው!» ተባሉ። ድምፅ ማጉያው ጥሩ ነበር፣ ማንም ኪሱ አልከተተም። በሚቀጥለው ዓመት ግን ለድራማ ሰው ሲጠራ የመጣ አልነበረም። ነገ እኛም የሚኒ ሚዲያ፣ የስፖርት፣ የቀይ መስቀል ክበብ ኃላፊ ተብለን የልጆች ገንዘብ ሲሰጠን የሚፈትነን ሌብነት አይመስለንም። ሌብነትን ሁላችንም እናውቀዋለን። የሚፈትነን ያ ድምፅ ማጉያ ነው።

በርግጥ ሉክአውትን የጎዳው ይህ ብቻ ነው ብለን አንደመድምም። ከ1999 ወዲህ ሙዚቃ በኮምፒዩተር በነፃ መዘዋወር ሲጀምር ትልቁም ትንሹም ሙዚቃ ቤት ተጎድቷል። ቢሆንም በ2005 ግሪን ዴይ ሸክላውን ያወጣው ሰው መግዛት ስላቆመ አይደለም። የተገዛበት ገንዘብ ስላልደረሰው ነው። ከዚያ በፊት ከፍሎት ቢሆን ኖሮ ቤቱ አነስ ብሎም ቢሆን ይኖር ነበር ብለን እናምናለን። ግሪን ዴይ በ2015 ተመልሶ በጊልማን አዳራሽ ሲጫወት፣ ከሠላሳ ዓመት ገደማ በፊት የተከፈተው አዳራሽ እዚያው ነበር፤ ሉክአውት ግን ከተዘጋ ሦስት ዓመት ሆኖት ነበር።

«ከዱት» በሚለው የጸኑት ጓደኞቻችን መልስ እንዳላቸው ነግረውናል። በሚቀጥለው እትም በዚሁ ቦታ እንዲለጥፉት እንጠይቃለን፤ መምህራኖቻችንም፣ በተለይ ሒሳብ አያያዝ የሚያስተምሩን፣ የተሳሳትንበት ካለ ቢጽፉልን ደስ ይለናል።