አባል የሚበዛው በማን ደጅ ነው?

በማኅበራችን ስብሰባ ሁሉ አንድ ቃል ይደጋገማል፤ «አባል እናብዛ!» ይባላል። መልካም ነው። ነገር ግን በመዝገብ ላይ ስም ማብዛትና ንቅናቄን ማስፋት አንድ ነውን? «ገበሬው ገና አልነቃም» እያሉ ለሚከራከሩ ወንድሞችና እኅቶች የጎጃምን ነገር ማስታወስ ግዴታችን ነው።

በየካቲት 1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» ብለው ተሰለፉ። ቃሉ እውነተኛ ነበር፤ የምርቱን እኩሌታ ወይም ሲሶ ለባለመሬት ለሚያስረክበው የደቡብ ጭሰኛ የልቡን ይናገርለት ነበር። የጎጃም ገበሬ ግን በአብዛኛው የሚያርሰው የአባቱን ርስት ነበር። እርሱን የሚያሰጋው ርስቱን ለክቶ ግብር የሚጥልበት፣ ኋላም ከርስቱ የሚነቅለው መንግሥት ነበር።

በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ወጥቶ ገማቾች ወደ ገጠር ሲወርዱ፣ ሞጣና ቢቸና «አናስገምትም» አሉ። ገበሬው ተሰብስቦ መሪዎቹን መረጠ፤ አቤቱታውን ወደ አዲስ አበባ ላከ፤ ጦርና አውሮፕላን ሲመጣበትም አልተንበረከከም። በመጨረሻ አገረ ገዢው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ከጎጃም ተነሡ፤ ውዝፍ ግብርም ተማረ። ያልነቃ ሕዝብ ይህን ያደርጋልን? ያልነቃነውስ የእርሱን ሥጋት ሳንጠይቅ የራሳችንን መፈክር ይዘን የቆምነው እኛ አይደለንምን?

እስቲ ደብረ ኤልያስን እንመልከት። በዚያ የቅኔ አገር የቆሎ ተማሪው አኮፋዳውን አንግቶ ከገበሬው ደጅ ይቆማል። ስለዚህ የማን ጎተራ እንደጎደለ፣ የማን በሬ እንደሞተ ያውቃል። እኛ ግን ከዚያው ደጅ ወጥተን፣ ለክረምት ስንመለስ ለአባቶቻችን ንግግር እናደርጋለን እንጂ አንጠይቅም።

እንግዲህ በመጪው ክረምት እያንዳንዱ አባል ከበራሪ ጽሑፉ አስቀድሞ ጥያቄ ይያዝ፤ «አባቴ፣ ማዳበሪያው በወቅቱ ደረሰልዎ? በስንት ገዙት? በመሬትዎ ላይ የሚያሰጋዎ ምንድን ነው?» ይበል። መልሱንም ጽፎ ለማኅበሩ ያምጣ። የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ይባላልና ጎጃሜው ጎጃም፣ ሲዳማው ሲዳማ ይሂድ።

ይህ ጎጠኝነት ነው የሚለን አይጠፋም። አይደለም! ጎጠኝነት የሚሆነው መልሱ በየመንደሩ ተቀብሮ ሲቀር ነው። የጎጃሙና የሲዳማው መልስ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ሲገናኝ ግን የጋራ ጥያቄ ይወለዳል። ያን ጊዜ አባል ፍለጋ አንዞርም፤ ጥያቄው የእርሱ የሆነ ሰው ራሱ ይመጣል።